የማይስቶር ቫልቾ አርባ

በሰባተኛው ሕንጻ በሁለተኛው መግቢያ የምትወጡና የምትወርዱ፣ ውሃ የምትከፍቱና የምትዘጉ፣ ባልዲ ያላችሁም የሌላችሁም ሁሉ፣ ጆሯችሁን ወዲህ አዘንብሉ! የመፍቻዎች ሁሉ ጌታ፣ የሽንት ቤቶች ፈዋሽ፣ በግድግዳ ውስጥ ያለውን የሚያውቅና ያወቀውንም በሴራሚክ የሚከድን፣ ማይስቶር ቫልቾ ፔትካኖቭ፣ ዛሬ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩን አንሥቶ «ሃሎ» ማለቱን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። የደወለችለት ማን እንደሆነች ከድምጿ ሲለይ ወዲያው ዘግቶታል። ቢሆንም አንሥቷል። በስሊቨን ከተማ እንዲህ ያለ ተአምር ከታየ ቆይቷል።

«ማይስቶር» የምንለው እጁ ሙያ የለመደ ሰው ነው። ቫልቾን እንዲህ የምንለው ግን ካላልነው ስለማይመጣ ነው። ስንለውም አይመጣም፣ ግን ያኔ ቢያንስ ጥፋቱ የእኛ አይሆንም።

የደወለችው ዴችካ ሩሴቫ ናት፤ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ባሏ የሞተባት፣ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት። ይህ ጽሑፍ ስለ እሷ ነው። በቫልቾ የጀመርኩት በየትም ቦታ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው እንዲህ ያለው ሰው ስለሆነ ብቻ ነው።

ዴችካ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከገጠር መጥታ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ገባች። በሃያ አራት ዓመቷ ወደ መፈተሻው ጠረጴዛ አዛወሯት፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከዚያ አልተነሣችም። ጠረጴዛው መስታወት ነው፤ ከሥሩ መብራት ይበራል፤ ጨርቁ በላዩ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲፈስ ይውላል። ሌሎቹ ፈታሾች በዓይናቸው ያያሉ። ዴችካ በጣቶቿ ነበር የምታየው። ክር የተበጠሰበት፣ ቋጠሮ ያበጠበት፣ የማሽን ዘይት የነካው ቦታ ሲደርስ ጣቷ ይቆማል፤ በጨርቁ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀይ ክር ትቋጥራለች። ቀይ ክር ያለበት ጨርቅ አንደኛ ደረጃ ተብሎ ከበር አይወጣም። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

አንድ ዓመት ዕቅዱ ሊጎድል ሲል ዳይሬክተሩ ራሱ ከቢሮው ወርዶ አጠገቧ ቆመ ይባላል።

«ጓድ ሩሴቫ፣ ክሮቹን ፍቻቸው» አላት።

«ክሩን ብፈታው ቀዳዳው ይደፈናል ጓድ ዳይሬክተር?»

ዳይሬክተሩ ተመለሰ። ያ ዳይሬክተር የብዙ ሺህ ሰው እንጀራ በእጁ የነበረ፣ ሲያስነጥስ ምክትሎቹ መሐረብ የሚያቀርቡለት ሰው ነው። ይህን አስታውሱልኝ። በኋላ ይኸው ሕንጻ ሙሉ ሕዝብ ለአንድ ቧንቧ ሠሪ ሲንበረከክ ታያላችሁና ማነጻጸሪያ ያስፈልጋችኋል።

የዴችካ ጓደኛ ስታሜና ትባላለች፤ ከሥሯ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ የመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ስትሠራ የኖረች ናት። ሁለቱ ወደዚህ ሕንጻ የገቡት በአንድ ቀን ነው፤ አሳንሰሩ ገና አልተገጠመም ነበርና ቁም ሣጥኖቻቸውን ተጋግዘው በደረጃ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ባለክዳን ጠርሙሶች በሁለቱ በሮች መካከል ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። በመስከረም የዴችካ የቃሪያና የቲማቲም ድልህ ይወርዳል፤ ያው ጠርሙስ የስታሜናን የፕለም ማርማላታ ይዞ ይወጣል። ኪያር ወርዶ የተጠበሰ ባድንጃን ይወጣል። የጎረቤት ጠርሙስ ባዶውን አይመለስም። ምንም ከጠፋ ጨው ይደረግበታል። ይህን በእኛ ሰፈር ውሻ እንኳ ያውቀዋል።

ያለፈው ነሐሴ ዴችካ የመታጠቢያ ቤቷን የብረት ቧንቧዎች ልታስቀይር ወሰነች። ቧንቧዎቹ ከሕንጻው ጋር የተወለዱ ናቸው፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ውሃ የሻይ መልክ ነበረው። ማንን ትጥራ? በመግቢያችን ውስጥ አሥር መታጠቢያ ቤት የሠራው ቫልቾ ነው። ፎቶው በየአውቶቡስ ማቆሚያው ተለጥፏል፦ ክንዱን አጣጥፎ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ከሥሩ «ፈጣን፣ ንጹሕ፣ አስተማማኝ» ተብሎ ተጽፎ። ሦስት ቃል፣ ሦስት ውሸት፤ ግን በቀለም ነው የታተመው።

መጣ። በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመ፣ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፣ ቧንቧዎቹን ከላይ እስከ ታች አያቸው፣ ራሱን ነቀነቀና ሙያው የሚጀምርበትን ጸሎት አደረሰ፦

«ማን ደንቆሮ ነው ይኼን የሠራልሽ?»

ይህን ያላለ ማይስቶር የለም። ቫልቾ ደግሞ ሳይለው መፍቻ አይነካም። እኔ ቤት የጠየቀ ዕለት፣ የሠራው የገዛ አባቱ መሆኑን ብነግረው «እሱማ ዓይኑ ደክሞ ነበር» ብሎ አለፈው።

አራት ቀን ሠራ። የዴችካን የወይን አረቄ ጠጣ፣ የዴችካን የአይብ ቂጣ በላ፣ ስለ ዴችካ ግድግዳ ጠማማነት ንግግር አደረገ። እሷ አጠገቡ እየቆመች እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣቷ ትዳብስ ነበር።

«እትዬ ዴችካ፣ ይኼ እኮ ሱፍ አይደለም» ይላታል።

«ሱፍ ቢሆንማ አልጨነቅም፤ ሱፍ አያፈስም።»

በአራተኛው ቀን አንዲት መገጣጠሚያ ብቻ ስትቀር፣ ድንገት ነጭ ሲሚንቶ አለቀ አለ።

«እትዬዋ፣ እስከ መደብሩ ሮጥ በይልኝ። አንቺ እስክትመለሽ እኔ እዚህ ትንሽ ልጠራርግ።»

ዴችካ ሄደች። ሠላሳ ሁለት ዓመት አንዲት ክንድ ጨርቅ ሳትዳስስ ያላሳለፈች ሴት፣ ለአንዲት ከረጢት ነጭ ሲሚንቶ ስትል ሄደች። ስትመለስ ግድግዳው ተዘግቷል፤ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፤ ቫልቾ እጁን እየታጠበ ያፏጫል። ያቺን ግማሽ ሰዓት ለራሷ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም። ለእሱ ይቅር ትለዋለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ እንግዲህ ሴትየዋን አያውቃትም።

በሦስተኛው ሳምንት በስታሜና ኮርኒስ ላይ ሳንቲም የምታህል እድፍ ወጣች። ከዚያ ሰሃን አከለች። ከዚያ ትሪ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ቫልቾ ከአሥራ አንድ ስልክ በኋላ መጣ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ ሐኪም።

«ላብ ነው» አለ።

«ምን?»

«ግድግዳው አልቦታል። ሰው አያልበውም? ግድግዳም ያልበዋል።»

«እና እኔ ቤት ያለው ግድግዳ ሲያልበው የስታሜና ኮርኒስ ነው የሚንጠባጠበው?»

«እትዬ ዴችካ፣ መስኮት ክፈቺ፣ አየር ይግባ።»

«መስኮት የለውም! አራት ቀን ሙሉ ስትሠራበት መስኮት አየህበት?»

«እሱ ነዋ ችግሩ» አለና ጫማውን አሰረ። «እኔ ነገ መጥቼ አየዋለሁ።»

ይህን «ነገ» ያዙልኝ። መስከረም ሃያ ነበር።

ሲወርድ ግን ዝም ብሎ አልወረደም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብሎ ስታሜናን አነጋገራት። «ጓደኛሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ታጥባለች መሰለኝ። ወለሉ ላይ ውሃ ትደፋለች። እኔ ምን ላድርግ?» አላት። የራሱን ጥፋት በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ለመጫን ከመንገዱ መውጣት እንኳ አላስፈለገውም፤ በሯ ደረጃው ላይ ነበር።

ስታሜና በዚያው ቀን ወደ ላይ ወጣች።

«ምንጣፍ እንደምታጥቢ ለምን አትነግሪኝም ነበር?»

«ስታሜና፣ ምንጣፌን በየሐምሌው ከሕንጻው ጀርባ አብረሽኝ የምታጥቢው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ እንጃ። እሱ ነው ያለው።»

«ይዋሻል!»

«እሱ ባለሙያ ነው ዴችካ። አንቺ የምታውቂው ጨርቅ ነው።»

 ዴችካ የቤቷን ዋና የውሃ መዝጊያ ዘጋች፤ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ከፍታ ሁለት ባልዲ መሙላት ጀመረች። በሳምንቱ የስታሜና ኮርኒስ ደረቀ። ዴችካ ደስ ብሏት ወረደች።

«ይኸው! ውሃው ሲዘጋ ደረቀ። ቧንቧው ነው ማለት ነው!»

«ደረቀ አዎ» አለች ስታሜና በሩን ገርበብ እንዳደረገች፤ «ማጠብ ስላቆምሽ ነዋ።»

በማግስቱ ጠዋት ዴችካ በሯን ስትከፍት ጠርሙሱን ምንጣፉ ላይ አገኘችው። ታጥቧል፣ ደርቋል፣ ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቷል። ባዶ ነው። ጨው እንኳ የለበትም።

ዴችካ ይህን የነገረችኝ ያንኑ ጠርሙስ ይዛ ነው። «ተወኝ ስለ ውሃው» አለችኝ፤ «በባልዲ ያደግኩ ነኝ፣ በባልዲ እሞታለሁ። ስታሜና ግን እኔን ውሸታም ናት ብላ እያሰበች እንድትሞት አልፈልግም። ወይ እኔ እንደዚያ እያሰበችኝ እንድሞት። ግድግዳው ይከፈት። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ግድግዳው ተከፍቶ ትየው።»

ገብታ ሴራሚኩን አንድ በአንድ በጣቷ አንጓ እያንኳኳች፣ በመዳፏ እየዳበሰች አዳመጠችው። ከወለሉ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከጥጉ ሁለተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። እዚያ ላይ ቀይ ክር በሳሙና ለጠፈች።

ከዚያ ቫልቾ መጥቶ ግድግዳውን እንዲከፍት እንዲያዙላት ወደ ቢሮ ሄደች። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ምን ያደርግላችኋል፤ ወረፋ ያለበት ነው። እዚያ ያለችው ልጅ ብልሽቱን አይተናል የሚል የሦስት ጎረቤት ፊርማ ይዘሽ ነይ አለቻት። ሦስት ሰው፤ በአንድ መግቢያ በሃያ አራት ቤት ለሚኖር ሕዝብ።

የሕንጻው አለቃ ኦግንያን፣ ቀድሞ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ የነበረ፣ በፖስታ ሣጥኖቹ አጠገብ ስብሰባ ጠራ። ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የጀግኖች ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

«እኔ እንኳ እፈርም ነበር» አለ የአንደኛ ፎቁ፣ «ግን ብርዱ እየመጣ ነው። ማሞቂያዬን ገና አልገጠመልኝም።»

«እኔ ቅዳሜ እመጣልሻለሁ ብሎኛል» አለች የስድስተኛዋ። «የቱን ቅዳሜ እንደሆነ አላለም እንጂ።»

«ሰውየው እኮ መጥፎ አይደለም፣ ሥራ በዝቶበት ነው።»

«እትዬ ዴችካ፣ አንቺም ትንሽ ነገር ታጠብቂያለሽ።»

ስታሜና በደረጃው መጨረሻ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ኦግንያን ወደ እኔ ዞረ። እኔ መነጽሬን አልያዝኩም አልኩ። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

እንግዲህ ሕዝቡ ይህ ነው። መንግሥት ሲወድቅ አደባባይ ወጥቶ የጮኸ፣ ስንቱን ሚኒስትር በስም እየጠራ የሰደበ ሕዝብ፣ ኩሽናው ሥር ላለች አንዲት የጎማ ቀለበት ሲል ምላሱን ዋጠ። ሚኒስትር ቢቀየም ምን ያመጣል? ቫልቾ ከተቀየመ ግን ሽንት ቤት አይወርድም።

ዴችካ አልጮኸችም። ወረቀቱን ከኦግንያን እጅ ወሰደች፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሰካችው፣ ብዕሯን በቀይ ክር አስራ ከጎኑ አንጠለጠለች። «እዚህ ነው» አለች። ከዚያ ግን ወዲያው አልሄደችም። በሰሌዳው ላይ እንደ ሁልጊዜው የሞት ማስታወቂያዎች ነበሩ፤ የባሏም የሰባት ዓመቱ እዚያው አለ፣ ራሷ ናት የለጠፈችው። እሱን ስታይ ቆየች። በጣቶቿ ቀን ስትቆጥር አየኋት።

የሞት ማስታወቂያ በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት ፎቶው በበሩ፣ በዛፉ፣ በማቆሚያው ይለጠፋል፤ ሲሞት፣ በአርባው፣ በመንፈቁ፣ በዓመቱ። እኛም እያለፍን ፎቶውን እናያለን፣ ስሙን እናያለን፣ ምጽ እንላለን፣ እንሄዳለን። ከሥሩ የተጻፈውን የሚያነብ የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነዋ።

ዴችካ ከአውቶቡስ ማቆሚያው የቫልቾን ማስታወቂያ ነቀለች፣ ፎቶውን በመቀስ ቆረጠች፣ ወደ ማተሚያው ሄደች።

«ነፍስ ይማር እናቴ» አላት ሠራተኛው እንደ ልማዱ። «የሟች ስም?»

«ቫልቾ ፔትካኖቭ።»

«ያረፉት መቼ ነው?»

«እሱ ምን ይሆናል፣ እኔ ነኝ ያላረፍኩት። አንተ ‹አርባ ቀን› ብለህ ጻፍ። የቀረውን እኔ እነግርሃለሁ።»

ሠራተኛው እየጻፈ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ጥቁሩን ክፈፍ አደረገበት። ሥራው ነው፤ ከማን ጋር ይከራከራል? በጥቅምት መጨረሻ ማለዳ በመግቢያችን በር፣ በማቆሚያው፣ በገበያው ዛፎች ላይ ሰባት ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ፦

«አርባ ቀን። ‹ነገ መጥቼ አየዋለሁ› ብሎ ከተለየን ዛሬ አርባ ቀን የሞላው ማይስቶር ቫልቾ ፔትካኖቭ። ቃሉ በሕይወት ሳለ ብዙዎች አምነውት ነበር። ሐዘንተኞች፦ ቧንቧው፣ ግድግዳው፣ የሦስተኛው ፎቅ ኮርኒስ፣ ሁለት ባልዲና ዴችካ ሩሴቫ። ግድግዳው የሚከፈትበት ቀን ወደፊት ይገለጻል።»

ሕዝቡ ፎቶውን አየ። ስሙን አየ። ምጽ አለ።

እስከ ቀትር ከተማው ሁሉ ቫልቾን ቀበረው። የአንደኛ ፎቁ ሰውዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ «ማሞቂያዬ! ማሞቂያዬ!» እያለ ሲያዝን አገኘሁት፤ የገዛ ወንድሙ ሲሞት እንኳ ያን ያህል አላለቀሰም። ስልኩ ዝም ያለባቸው ሁሉ «ለካ ለዚህ ነው የማያነሳው» ተባባሉ። ዕቃ የሚሸጥለት ነጋዴ አበባ ልኮ ቤቱ በር ላይ አስቀመጠ። ሁለት ሴቶች ለሚስቱ ጥቁር ሻሽ ይዘው ሄዱ፤ በሩን የከፈተላቸው ሟቹ ነው፣ የጥቅል ጎመኑን መረቅ ከከንፈሩ እየጠረገ።

ቫልቾ ነገሩን ሲረዳ በቁጣ ነደደ። አከሳታለሁ አለ፣ ስሜን አጠፋች አለ። ምናልባትም ይከሳት ነበር። ግን ከአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ላይ እናቱ ወረዱ።

እማማ ጌና የሰማንያ አራት ዓመት ሴት ናቸው፤ ከተራራው ሥር ካለው መንደር ነው የመጡት። ገበያ የመጣ የመንደራቸው ሰው ማስታወቂያውን ዛፍ ላይ አይቶ መርዶ ነግሯቸዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንዴውን ቀቅለው፣ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ የንፍሮውን ድስት በፎጣ ጠቅልለው ተሳፈሩ። ልጃቸው አርባ ቀን ሙሉ ሞቶ ማንም እንዳልነገራቸው እያሰቡ አንድ ሰዓት መንገድ ተጓዙ። ይህን ሳስብ አሁንም አልስቅም። ዴችካም አልሳቀችም።

ልጃቸው በሩን ሲከፍት እማማ ጌና መጀመሪያ ፊቱን ዳበሱት። ከዚያ በጥፊ መቱት። ከዚያ ማስታወቂያውን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በከተማው ውስጥ ከፎቶው በታች ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት ሰው ሆኑ።

«ይቺ ዴችካ የሚሏት የት ነው የምትኖር?»

«እማዬ፣ ተዪያት፣ እብድ ናት—»

«መፍቻህን ያዝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል በሕንጻችን ደረጃ ላይ እንዲህ ያለ ሰልፍ ወጣ፦ ከፊት እማማ ጌና ድስቱን ይዘው፣ ከኋላ ቫልቾ የዕቃ ሣጥኑን ተሸክሞ፣ ከዚያ ኦግንያን፣ ከዚያ ግማሹ ሕንጻ። መነጽሬን አድርጌ እኔም ወጣሁ።

ዴችካ በሩን ከፈተች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ልጄን በቁሙ ቀበርሽብኝ» አሉ እማማ ጌና። «መንገዱን ሙሉ አስለቀስሽኝ። የእናት ዕንባ ቀልድ ነው?»

ዴችካ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። «አይደለም። እርስዎ እንዳሉ አላሰብኩም፤ በደልኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን ነው የምለው። እሱን አይደለም።»

«እሱን እኔም አላልኩሽም» አሉ እማማ ጌና። «ግድግዳው የቱ ነው?»

ዴችካ ገና አልመራቻቸውም። ወደ ደረጃው ዞር ብላ ጮኸች፦ «ስታሜና! ውጪ! ጨርቅ ነው የምታውቂው ብለሽኛል፤ ነይና እይ!»

ስታሜና ወጣች። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። በሩ ላይ ቆመች፤ ከኋላዋ ኮሪደሩ ሙሉ አንገት ነው።

እማማ ጌና የሽንት ቤቱን መቀመጫ ክዳን ዘግተው ተቀመጡበት፣ ድስቱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ክፈተው» አሉ።

«የቱን ልክፈተው? ግድግዳው ሰፊ ነው—»

«ክሩ አይታይህም?» አለች ዴችካ።

ቫልቾ መሮና መዶሻውን አነሣ። ከወለሉ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከጥጉ ሁለተኛው። ሴራሚኩ ተሰብሮ ወረደ፤ ከኋላው ያለው ሲሚንቶ ርሶ እንደ ገንፎ በእጁ ወጣ። ጣቱን አስገብቶ ጠራረገው፣ መብራት አስጠጋ፣ ውስጡን አየ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት የለመደ አፍ ባለቤቱን አያማክርም፤ ቀና አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እንዲህም አለ፦

«ማን ደንቆሮ ነው ይኼን የሠራው?»

 ባልዲው ውስጥ አንዲት ጠብታ ስትወድቅ ተሰማች።

«ማን?» አሉ እማማ ጌና በዝግታ። «ንገረና ልጄ። ማን ነው?»

ሁሉም ተራ በተራ ጎንበስ እያለ አየው። ሁለት ቧንቧ ጫፍ ለጫፍ ቆመዋል፤ በመሀላቸው መገጣጠሚያ የለም። በመገጣጠሚያው ፋንታ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተጠቅልሎበት በሽቦ ታስሯል። በብስክሌት ላስቲክ! በዚያች ግማሽ ሰዓት፣ ዴችካ ሲሚንቶ ልታመጣ ስትሮጥ፣ ያለቀበት ሲሚንቶ አልነበረም፤ መገጣጠሚያ ነው። መደብሩ ድረስ ራሱ መሄድ ሰነፈ። ስለዚህ ቆልፎ ከደነው፣ አፏጨ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ ወርዶ የሠላሳ ስምንት ዓመት ወዳጅነት አፈረሰ።

«የዚያን ቀን ችኮላ ላይ ነበርኩ» አለ ቫልቾ።

«አርባ ቀን ሙሉ ሞተህ ምን ያስቸኩልህ ነበር?» አሉ እናቱ። «በል ተነሥተሃል፣ ሥራ።»

ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ሃያ ደቂቃ! ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ። እሱ ሲሠራ እማማ ጌና የድስቱን ክዳን ከፈቱ። «የሙታን ንፍሮ አይጣልም» ብለው በየእጃችን አዘገኑን። ስኳርና ለውዝ ነበረበት። የቫልቾን ንፍሮ ቫልቾ አጠገብ ቆመን በላን፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን ሲያጠብቅ ስናኝክ ይሰማል። ጥሩ ንፍሮ ነበር። ለእሱ ይበዛበታል።

ስታሜና አልበላችም። ጎንበስ ብላ ከፍርስራሹ መካከል ቀዩን ክር አነሣችው፣ ሳሙናውን በጥፍሯ ፋቀችለት፣ ወደ ቤቷ ወረደች። ዴችካ ከኋላዋ አየቻት፤ ፊቷ ላይ ምን እንደነበረ ልነግራችሁ አልችልም።

ሰዉ ሲበታተን ስታሜና ተመልሳ መጣች። የፕለም ማርማላታ የሞላ ጠርሙስ ይዛለች። በአንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«ክዳኑ ጠብቆብኛል» አለች። «አንቺ ጣትሽ ጠንካራ ነው፤ ክፈችልኝ።»

ዴችካ ከፈተችው። 

እዚህ ላይ ብጨርሰው ቆንጆ ታሪክ ይሆን ነበር። ግን ቫልቾ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ የተናገረውን ማን ይጽፈዋል? የተሰበረውን ሴራሚክ አይቶ፣ የስታሜናን የበሰበሰ ኮርኒስ ጭምር አስታውሶ፣ እናቱ እየሰሙት፣ እንዲህ አለ፦ «እሱን ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ።»

ዛሬ ሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ቀዳዳው እንዳለ ነው፤ የኮርኒሱ እድፍም እንዳለ ነው። ለዚህ ነው ዴችካ ዛሬ ጠዋት የደወለችው፣ ለዚህ ነው እሱም የዘጋው። የማተሚያው ሠራተኛ መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን አንሥቶ «ከነገ ወዲያ ነው አይደል እናቴ?» ይላታል። ለእማማ ጌና ግን አስቀድማ ደብዳቤ ጽፋለች፤ «አይምጡ፣ አይደንግጡ፣ ልጅዎ ደኅና ነው፣ ወፍሯል» የሚል።

ወረቀቱም ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው። ሦስት መስመር አለው። በመጀመሪያው ስታሜና ፈርማለች፣ በዚያው ምሽት። በሁለተኛው እኔ ፈርሜያለሁ፤ አታመስግኑኝ፣ ግድግዳው ከተከፈተ በኋላ የሚመጣ ጀግንነት ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚመጣ ማስታገሻ ነው። ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። በዚህ መግቢያ ቫልቾ የዘጋቸው አሥራ አንድ መታጠቢያ ቤቶች አሉ፤ አንዱ ተከፈተ፣ አሥሩ እንደተዘጉ ናቸው። ሁሉም ያንን ላስቲክ በዓይኑ አይቷል። ሁሉም ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ጆሮውን ሴራሚኩ ላይ ለጥፏል፤ እኔም ለጥፌያለሁ፣ ማንኳኳቱን በግድግዳው ውስጥ ከላይም ከታችም ሰምቻለሁ። ከዚያ ወጥተው በደረጃው ላይ ሲገናኙ «ብርድ ሆነ» ይባባላሉ።

አንተ ይህን የምታነብ፣ የአንተም ቤት ግድግዳ ከኋላው ምን እንዳለ የማታውቅ፣ ብዕሩ እዚያው ነው፤ ይጽፋል፣ ሞክሬዋለሁ፤ ክሩም ረጅም ነው፣ እጅህ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ እባክህ፣ መነጽርህ አፍንጫህ ላይ መሆኑን አረጋግጥና…